ስህተት የሚይዝ ጆሮ፦ የካዳቫሉር የሪግ ቬዳ ፈተና እና የእኔ የኔትወርክ ሰርተፊኬት

ፈተናዬ ሦስት ወር ሲቀረው አንድ ወዳጄ በቴሌግራም ፋይል ላከልኝ። ሲሲኤንኤ የሚባለው የኔትወርክ ሰርተፊኬት ፈተና ጥያቄዎች ከነመልሳቸው። በእኛ ሙያ ዳምፕ የምንለው ነው። «ይቺን ሸምድደህ ግባ፤ ሌላውን ሥራ ላይ ትማረዋለህ» አለኝ። ክፉ አስቦ አይደለም። የፈተናው ዋጋ 300 ዶላር ነው። በብር ሲመነዘር ምን ያህል እንደሚከብድ ሁለታችንም እናውቃለን። ብወድቅ ሁለተኛ ለመሞከር አቅም የለኝም።

ሁለት ማታ ሸመደድኩ። በሦስተኛው አጎቴ እቤት መጡ። አጎቴ በወጣትነታቸው ዜማ ቤት ተምረዋል። ድጓውን ሳያስመሰክሩ ነው አዲስ አበባ የገቡት፤ እስከ ዛሬ ይቆጫቸዋል። ጮክ ብዬ ሳጠና ትንሽ አዳመጡኝና «ማነው የሚያርምህ?» አሉኝ።

«ጋሼ፣ መልሱ እዚሁ ተጽፏል» አልኳቸው።

«እሱማ ድጓውም ተጽፏል» አሉ። ሌላ አልጨመሩም።

ጥያቄያቸው ከልቤ አልወጣ አለ። በዚያው ሰሞን መረጃ በኬብል ሲጓዝ ስህተት እንዴት እንደሚታወቅ የሚያስረዳውን ምዕራፍ እያነበብኩ ነበር። አንዱን ሳነብ ወደ ሌላው እየተሳብኩ ኬራላ ደረስኩ። አንድ የሂንዱ ማኅበረሰብ ኮምፒውተር ሊፈጠር ብዙ ዘመን ሲቀረው ቃልን ከስህተት የሚጠብቅበት ዘዴ ነበረው። ያንን ዘዴ በየዓመቱ የሚፈትሽበት ፈተናም ነበረው። ፈተናው ተቋርጦ ነበር፤ ከዚያ ተመለሰ። ይህ ጽሑፍ የዚያ ፈተና ታሪክ ነው። ዓመተ ምሕረት ብዬ ካልጠቀስኩ በቀር ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ቦታውና ሰዎቹ

ኬራላ የሕንድ ደቡብ ምዕራብ ጫፍ ነው። ለእኛ አገር ሰው ፍጹም ባዕድ አይደለም። በየክፍለ ሀገሩ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሂሳብና ፊዚክስ ካስተማሩት ሕንዳውያን መካከል ብዙዎቹ ከዚያ የመጡ ነበሩ።

ካዳቫሉር በኬራላ ትሪሱር አውራጃ ያለች መንደር ናት። ራማ የሚባለው የሂንዱ አምላክ ቤተ መቅደስ አላት። ቭሪሽቺካም በሚባለው ወር፣ በእኛ ኅዳር ገደማ መሆኑ ነው፣ ሁለት የቬዳ ትምህርት ቤቶች እዚያ ይገናኛሉ። ቬዳ የሂንዱዎች ጥንታዊ ቅዱስ ቃል ነው። አንዱ የትሪሱር ነው፤ ሌላው የቲሩናቫያ። በድሮው ዘመን የትሪሱሩን የኮቺን ንጉሥ ይደግፈው ነበር፤ የቲሩናቫያውን ደግሞ ዛሞሪን የሚባለው የካሊከት ገዥ። ግጥሚያው አንዮንያም ይባላል። «እርስ በርስ» እንደማለት ነው።

ተፈታኞቹ ናምቡዲሪ የሚባሉት የኬራላ ብራህሚኖች፣ የሂንዱ የካህናት ወገን፣ ናቸው። የሚፈተኑትም ከቬዳዎቹ አንዱን፣ ሪግ ቬዳን፣ ነው። ሪግ ቬዳ 10 መጽሐፍ፣ 1028 መዝሙር፣ ከ10 ሺህ በላይ ስንኝ አለው። በሌላ አከፋፈል ደግሞ 8 ክፍል ሲሆን እያንዳንዱ ክፍል 8 ምዕራፍ ይይዛል፤ በድምሩ 64። ሊቃውንት አብዛኛው የተደረሰው ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ1500 እስከ 1000 ባለው ጊዜ ነው ይላሉ። ፑኔ ከተማ ውስጥ ዩኔስኮ የመዘገባቸው 30 የሪግ ቬዳ ጥንታዊ ጽሑፎች አሉ። ከእነሱ መካከል ትልቁን ዕድሜ የያዘው የተጻፈው በ1464 ነው። እስከዚያ ድረስ ይህን ሁሉ ቃል በዋናነት የተሸከመው የሰው አንደበት ነው። ከዚያም በኋላ ቢሆን ቬዳን ከወረቀት ላይ አንብቦ ማዜም እንደ ነውር ይታይ ነበር።

አበበ በሶ በላ

አሁን ወደ ዘዴው ልግባ። እኔን ከወንበሬ ያስነሳኝ ይህ ክፍል ስለሆነ ትንሽ እቆይበታለሁ።

አንድን ረጅም ቃል በቃልህ ስትይዝ ሦስት ነገር ያሰጋሃል። ቃል ይዘለላል። ቃል ይለወጣል። ቅደም ተከተል ይዛባል። የቬዳ መምህራን ለዚህ መድኃኒት ያደረጉት ያንኑ ጽሑፍ በተለያየ አካሄድ ማስጠናትን ነው። መጀመሪያ እንዳለ፣ ቃላቱ ተያይዘው። ቀጥሎ ቃል በቃል ተለያይቶ። ከዚያ ክራማፓታ ይመጣል፤ ሁለት ሁለት ቃል እያጣመሩ መሄድ ነው። ከዚያ ጃታፓታ፤ ጃታ ማለት ጉንጉን ነው።

ሁላችንም ፊደል ስንቆጥር ባነበብናት ዓረፍተ ነገር ላሳያችሁ። አበበ በሶ በላ። በክራማፓታ እንዲህ ትሆናለች፦ አበበ በሶ፤ በሶ በላ። በጃታፓታ ደግሞ፦ አበበ በሶ፣ በሶ አበበ፣ አበበ በሶ፤ በሶ በላ፣ በላ በሶ፣ በሶ በላ። በሌላው የደቡብ ሕንድ ክፍል ይበልጥ የታወቀ ጋናፓታ የሚባልም አለ፦ አበበ በሶ፣ በሶ አበበ፣ አበበ በሶ በላ፣ በላ በሶ አበበ፣ አበበ በሶ በላ። ከዚያ ከበሶ ተነስቶ እንዲሁ ይቀጥላል፤ በሶ በላ፣ በላ በሶ፣ በሶ በላ ጫላ እያለ።

ወረቀት አውጥቼ ቆጠርኩት። በጃታፓታ መሃል ላይ ያለ አንድ ቃል 6 ጊዜ ይነሳል። በጋናፓታ 13 ጊዜ። ያውም ወደ ፊትም ወደ ኋላም፣ ከፊቱና ከኋላው ካለው ቃል ጋር እየተጋጠመ። አሁን አንዱ ተሳስቶ በበሶ ፋንታ ዳቦ ቢል ስህተቱ ሊደበቅ የሚችልበት ቦታ የለም። 13 ቦታ ላይ ይጋለጣል። የቬዳ ቋንቋ በሆነው በሳንስክሪት ደግሞ ሁለት ቃል ሲገናኝ የድንበሩ ድምፅ ይለወጣል። ቅደም ተከተሉን ስትገለብጠው ድንበሩም ይለወጣል። ስለዚህ እንደ በቀቀን መድገም ብቻ አያዋጣም። እያንዳንዱን ቃል ለብቻው ካላወቅከው መገልበጥ አትችልም።

ኔትወርክ የተማረ ሰው ይህን ሲያይ ደንገጥ ይላል። በኢተርኔት ኬብል ላይ የሚላክ እያንዳንዱ ፍሬም፣ ማለትም የመረጃ ጥቅል፣ ጭራው ላይ 4 ባይት የስህተት መፈተሻ አለው። ላኪው አስልቶ ያስቀምጠዋል። ተቀባዩ እንደገና ያሰላል። ካልገጠመ ፍሬሙ ይጣላል። ኢተርኔት ራሱ አያስተካክልም፤ የተበላሸውን አላሳልፍም ይላል እንጂ። ሐሳቡ አንድ ነው፦ ትርፍ የሚመስል ነገር ጨምረህ መላክ፣ ከዚያ በዚያ ትርፍ ስህተቱን መያዝ።

ልዩነቱ፣ እዚያ ኬብሉ ልጅ ነው። ትምህርቱ የሚጀመረው ልጁ የብራህሚኖችን ቅዱስ ክር በሥርዓት ካሰረ በኋላ፣ በሰባት በስምንት ዓመቱ ገደማ ነው። ቬዳ ከፍ፣ ዝቅ እና ወደቅ የሚል የድምፅ ሥርዓት አለው። የናምቡዲሪ መምህር ይህን በአፉ ብቻ አያስተምርም። የልጁን ራስ በእጁ ይይዝና ድምፁን ተከትሎ ወደ ላይ፣ ወደ ታች፣ ወደ ጎን ያንቀሳቅሰዋል። ዜማው በአንገቱ ይገባል ማለት ነው። የእጅ ምልክትም አለ፤ ቃሉ በምን ድምፅ እንደሚያልቅ በጣት ይታያል።

ለድምፅ ይህን ያህል መጨነቃቸውን የምታስረዳ አንዲት የቆየች ታሪክ አለቻቸው። ቱቫሽትሪ የሚባለው አምላክ ሌላውን አምላክ ኢንድራን የሚገድል ልጅ ይወለድልኝ ብሎ ሥርዓት ፈጸመ። ቃሉን በትክክል ተናገረ። የድምፁን ከፍታ ግን ያለቦታው አደረገው። «ኢንድራን የሚገድል» ያለው «ኢንድራ የሚገድለው» ሆነበት። ልጁም በኢንድራ እጅ ሞተ። አማርኛ ተናጋሪ ይህን ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም። «ይበላል» የሚለውን አላልተህ ካነበብከው በዪ አለ፤ ካጠበቅከው የሚበላው እሱ ነው። ፊደሉ ያው አንድ ነው።

ፈተናው እንዴት ነው

አንዮንያም ላይ የተቃራኒው ወገን ተቀምጦ ያዳምጣል። ከዚያ ሁሉ ስንኝ የቱ እንደሚመጣ ተፈታኙ አስቀድሞ አያውቅም። በጃታ ይባላል፣ ወይም ራታ በሚባለው ከዚያም በሚከብድ አካሄድ። ራታ ሠረገላ ማለት ነው። ደረጃዎችም አሉት። ካዳንኒሪካል የሚባል አለ፤ ከፍተኛው ቫሊያ ካዳንኒሪካል ነው። ቫሊያ ማለት ትልቁ ማለት ነው። እዚያ የደረሰ ሰው በናምቡዲሪዎች ዘንድ ስሙ ይነሳል።

ልብ ያልኩት ነገር የአራሚው ማንነት ነው። የሚያርምህ መምህርህ አይደለም። የሚወድህ፣ የሚያዝንልህ አይደለም። የሌላው ትምህርት ቤት ሰው ነው። ያንተን ስህተት ለመያዝ ዓመቱን ሙሉ ያጠና ሰው። ሁለቱ ትምህርት ቤቶች በቅን ቅናት አንዱ ሌላውን ሲጠባበቁ ጽሑፉ መሃል ላይ ሳይነካ ይኖራል።

እኛም ይህ አለን። ድጓ የተማረ ሰው ዘለቅኩ ቢልም ጋይንት ቤተልሔም ሄዶ ካላስመሰከረ ሙሉ አይደለም። ቃሉ ራሱ ያምራል፤ ማስመስከር። ሰርተፊኬት ለሚለው ከዚህ የተሻለ አማርኛ አላገኘሁም።

ለምን ሳሳ

አንዮንያም በ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ተቋርጦ ለአስርት ዓመታት ቆመ። ምክንያቱን «ዘመናዊነት» ብሎ ማለፍ ቀላል ነው። ግን እውነቱን አይነግረንም።

አንድ ልጅ ለዓመታት ቁጭ ብሎ ቬዳ እንዲያጠና የሚያበላው ሰው ያስፈልጋል። ናምቡዲሪዎች ባለመሬት ነበሩ። ጭሰኛው ያርሳል፤ እህሉ ይመጣል፤ ልጁ ያዜማል። ቬዳ የቆመው በሌላ ሰው ላብ ላይ ነበር። ያ ላቡን ያፈሰሰው ጭሰኛ ደግሞ ቬዳን መማር ቀርቶ እንዲሰማ አይፈቀድለትም። የናምቡዲሪ ሴቶችም ከትምህርቱ ውጪ ነበሩ። ታናናሽ ወንድሞች ከራሳቸው ወገን ማግባት አይፈቀድላቸውም ነበር፤ ያ መብት በአብዛኛው የበኩሩ ነው። በ1920ዎቹና በ30ዎቹ የራሱ የማኅበረሰቡ ወጣቶች ይህን ተቃውመው ተነሱ። ባህሉ ሲሳሳ አዝናለሁ። ግን ይህን ደብቄ ባዝን ውሸታም እሆናለሁ።

ከእነዚያ ወጣቶች አንዱ ኢ.ኤም.ኤስ. ናምቡዲሪፓድ ነበሩ። በ1909 ከባለመሬት ቤተሰብ ተወለዱ። በልጅነታቸው ሪግ ቬዳ ተቀመጡ፤ ትርጉሙ ሳይነገራቸው ቃሉን ያዙ። አድገው ኮሚኒስት ሆኑ። በኤፕሪል 1957 በምርጫ አሸንፈው የኬራላ የመጀመሪያው ዋና ሚኒስትር ሆኑ። የመሬት ሕጉን የጀመረው የእሳቸው መንግሥት ነው። ብዙ ትግል አልፎ ከጃንዋሪ 1 ቀን 1970 ጀምሮ ኬራላ ውስጥ ጭሰኝነት ቀረ። የራሳቸውን ወገን መሬት በሕግ ያስነሱ፣ በልጅነታቸው ቬዳ የተማሩ ሰው። ይህን ባነበብኩ ቁጥር ቆም እላለሁ።

ከዚያ በኋላ የናምቡዲሪ ልጅ ራሱን መቻል ነበረበት። ዘመናዊ ትምህርት ቤት ገባ። መሐንዲስ፣ ባንክ ሠራተኛ፣ ፕሮግራመር ሆነ። ዛሬ በዚያው በትሪሱር አውራጃ፣ ኮራቲ ላይ፣ የሶፍትዌር ኩባንያዎች የሚሠሩበት ኢንፎፓርክ አለ። የአንድ ልጅ ከሰባት እስከ አሥራ አምስት ያለው ዕድሜ አንድ ነው። ለቬዳ ከሰጠኸው ለሂሳብ አይደርስም። ወላጆቹ ሂሳቡን መረጡ። እኔም ወላጅ ብሆን ያንን እመርጥ ነበር።

ይህ ነገር አጎቴ ዜማ ቤቱን የተዉበትን ጊዜ አስታወሰኝ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ወጣ። ለቤተ ክርስቲያን አገልጋዮች መተዳደሪያ የነበረው የሰሞን መሬትም አብሮ ቀረ። ጭሰኛው እፎይ አለ፤ ይገባው ነበር። የኔታን ማን ይቀልባቸዋል የሚለውን ግን በአዋጁ ቀን ያሰበ ብዙ ሰው አልነበረም።

ፊልሙና ጉባኤው

አዋጁ ከወጣ ከ39 ቀን በኋላ፣ በኤፕሪል 12 ቀን 1975፣ በዚያው በትሪሱር አካባቢ ፓንጃል በምትባል መንደር ናምቡዲሪዎች አግኒቻያና የሚባለውን ጥንታዊ የእሳት ሥርዓት ጀመሩ። 12 ቀን ይፈጃል። ከሺህ በላይ ጡብ ተደርድሮ በወፍ ቅርጽ መሠዊያ ይሠራል። ሆላንዳዊው የሳንስክሪት ሊቅ ፍሪትስ ስታል እና አሜሪካዊው ፊልም ሠሪ ሮበርት ጋርድነር ቀረፁት። ምናልባት የመጨረሻው ይሆናል ተብሎ ተሰግቶ ነበር። ሕዝቡ የፍየሎቹን መታረድ ስለተቃወመ በፍየል ፋንታ የሩዝ ሊጥ በቅጠል ተጠቅልሎ ቀረበ። ሲያልቅ ዳሱ በእሳት ተቃጠለ። ደንቡ ነው።

ፊልሙ ትልቅ ሥራ ነው። ሥርዓቱም አልቀረም፤ በ2011 እዚያው ፓንጃል ድጋሚ ተደርጓል። ግን ፊልም አያርምም። ሺህ ጊዜ ብታየው «እዚህ ጋ ሳትክ» አይልህም። ለእኔ ከፊልሙ ይልቅ የሚበልጠው በ1980ዎቹ መጨረሻ የሆነው ነው። አንዮንያም እንደገና ተጀመረ። በሁለት ወገን ተቀምጦ ስህተት መያዝ የሚችል ጆሮ ገና በሕይወት ነበር። ያ ጆሮ ያለው ትውልድ አልፎ ቢሆን ኖሮ መጽሐፉም ቴፑም እያለ ፈተናውን ማስነሳት አይቻልም ነበር። በሰዓቱ ተደረሰበት።

ዩኔስኮ በ2003 የቬዳ ንባብ ባህልን የሰው ልጅ ድንቅ ቅርስ ብሎ አወጀ፤ በ2008 ወደ ማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ አስገባው። በአንድ ወቅት ከአንድ ሺህ በላይ የንባብ ቅርንጫፎች ነበሩ፤ የተረፉት 13 ናቸው ይላል መዝገቡ። በቅርብ አደጋ ላይ ናቸው ከተባሉት አራት ትምህርት ቤቶች አንዱ የኬራላው ነው።

የሕንድ መንግሥትም እጁን አስገብቷል። በ1987 የተቋቋመ፣ መቀመጫው ኡጃይን ከተማ የሆነ የቬዳ ተቋም አለ። ቬዳ ቡሻንና ቬዳ ቪቡሻን የሚባሉ ሰርተፊኬቶች ይሰጣል፤ ከ10ኛና ከ12ኛ ክፍል ጋር እኩል እንዲታዩ ታስበው የወጡ ናቸው። ይህን ሳነብ ደስ አለኝ። ልጁ ወይ ቬዳ ወይ ዳቦ እንዳይባል መንገድ ይከፍታል። ስጋቴ አንድ ነው። ወረቀቱ ራሱ ግብ ከሆነ የእኔ ቴሌግራም ላይ የመጣው ዓይነት ፋይል ወደዚያም ይደርሳል። ፈተና ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው አልፈህ የምትገላገለው፤ ሌላው የሚያርሙህ ሰዎች መሃል የሚያስገባህ።

እኛስ

የእኔ ሰርተፊኬት የሚያገለግለው ለሦስት ዓመት ነው። ከዚያ መታደስ አለበት። ድሮ ይህ ያናድደኝ ነበር፤ ገንዘብ መሰብሰቢያ ነው እል ነበር። ካዳቫሉርን ካወቅኩ በኋላ በሌላ ዓይን አየሁት። እነሱም በየዓመቱ ነው የሚመለሱት። አንዴ ያለፈ ሁልጊዜ ያውቃል አላሉም።

ፋይሉን አጠፋሁት። ለወዳጄ ደወልኩና ነገሩን ሁሉ ነገርኩት፤ አበበ በሶ በላን ጭምር። እሱም ከእኔ በኋላ ሊፈተን ነው። በሳምንት ሁለት ቀን፣ ማክሰኞና ሐሙስ፣ ከሥራ በኋላ አንድ ማኪያቶ ቤት ፊት ለፊት እንቀመጥ ጀመር። ደንቡን ከአንዮንያም ወሰድን። ጠያቂው ከፈለገበት ቦታ ያነሳል። መላሹ ወረቀት አይነካም። ሲሳሳት ጠያቂው ጣቱን ያነሳል፤ መልሱን ግን አይነግረውም። መላሹ ከመነሻው ይጀምራል።

መጀመሪያ አካባቢ በጣም አፍር ነበር። በቃሌ የያዝኳቸው መልሶች አንድ ቁጥር ሲቀየር እንደ ጉም ይበተናሉ። ሦስተኛው ሳምንት ላይ ነገሩ ሰመረልኝ። ከመልስ ወደ ጥያቄ፣ ከኔትወርክ አድራሻው ወደ ሆስቱ (በውስጡ ወዳለው ኮምፒውተር)፣ ከሆስቱ ወደ ኔትወርኩ እያገላበጥን እንጠያየቃለን። ጉንጉን መሆኑ ነው።

ፈተናዬ ሦስት ሳምንት ቀረው። ባለፈው ሐሙስ አጎቴም መጡ፤ ሻይ አዘውላቸው አጠገባችን ተቀመጡ። ወዳጄ «10.0.50.77፣ ስላሽ 20» አለኝ። የአንድ ኮምፒውተር አድራሻ ነው፤ ስላሽ 20 የኔትወርኩን ስፋት ይናገራል። እኔ የኔትወርኩን የመጀመሪያ አድራሻና ብሮድካስት የሚባለውን የመጨረሻውን መናገር አለብኝ። «ኔትወርኩ 10.0.48.0፤ ብሮድካስቱ 10.0.64.255» አልኩ። ጣቱ ተነሳ። አጎቴ ይህ ሰብኔት የሚባለው የኔትወርክ አከፋፈል ምን እንደሆነ አያውቁም። ጣቱን ግን አዩት፤ ሲኒያቸውን አስቀመጡና «ተመለስ» አሉኝ።

ተመለስኩ። ስላሽ 20። ሦስተኛው ቁጥር ላይ በ16 በ16 ይሄዳል። 0፣ 16፣ 32፣ 48፣ 64። የእኛው ከ48 ይጀምራል፤ 64 የሚቀጥለው ነው። ስለዚህ 10.0.63.255።

ጣቱ ወረደ።